የፈረስ ጨዋታ ምን ይነግራል? የጨዋታ ጠባይ እንደ ደኅንነት አመላካች

ከጋጥ የተለቀቀ ፈረስ ሜዳ ላይ ሲደርስ አንገቱን ነቅንቆ፣ ጭራውን ሽቅብ ቀስሮ፣ የኋላ እግሮቹን እየወረወረ ሽምጥ ሲጋልብ የተመለከተ ሰው ለትርጉሙ ብዙም አይቸገርም። ፈረሱ ደስ ብሎታል፣ ጠግቧል፣ ጤነኛ ነው ይላል። አማርኛ ቦረቀ፣ ፈነጨ፣ ፈነጠዘ የሚሉትን ግሦች ለሰውም ለእንስሳም የሚጠቀመው በዚሁ ስሜት ነው። ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት የእንስሳት ደኅንነት ሳይንስም ወደዚህ የተለመደ ዕይታ ተጠግቷል። ቀድሞ ደኅንነት የሚለካው ቁስልን፣ ክሳትን፣ በሽታንና ፍርሃትን በመቁጠር ነበር፤ ማለትም የመከራን አለመኖር በማረጋገጥ። የመከራ አለመኖር ግን ከደኅንነት መኖር ጋር አንድ ስላይደለ ተመራማሪዎች የመልካም ሁኔታን ምልክቶች መፈለግ ጀመሩ፤ ከዕጩዎቹም ግንባር ቀደሙ ጨዋታ ሆነ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የተራበ፣ የታመመ ወይም የፈራ እንስሳ እምብዛም አይጫወትም። ስለዚህ የሚጫወተው እንስሳ አልተራበም፣ አልታመመም፣ አልፈራም የሚል ድምዳሜ ይከተላል። ይህ አመክንዮ በፈረስ ላይ ሲፈተን ግን እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ የሚያስኬድ ሆኖ ተገኝቷል። በውርንጭላ ላይ በደንብ ይሠራል፤ በአዋቂ ፈረስ ላይ ግን አንዳንድ ጊዜ በተቃራኒው ይነበባል። ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ሳይለይ ጨዋታን የሚቆጥር የምዘና ቅጽ ለከፋ አያያዝ ጥሩ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል።

ጨዋታ የሚባለው የትኛው ነው?

የጠባይ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ጨዋታን የሚለዩት በዓይን ነበር፤ ያየው ሰው ያውቀዋል በሚል። አሜሪካዊው ጎርደን በርግሃርት እ.ኤ.አ. በ2005 የእንስሳት ጨዋታን አመጣጥ በመረመረበት መጽሐፉ ይህን ልማድ በአምስት መስፈርቶች ለመተካት ሞክሯል። በእርሱ አገላለጽ አንድ ጠባይ ጨዋታ ለመባል በተፈጸመበት ቅጽበት ለሕልውና የሚሰጠው ጥቅም የተሟላ መሆን የለበትም፤ በራስ ተነሳሽነት የሚደረግና ለራሱ ሲባል የሚፈለግ መሆን አለበት፤ ከቁም ነገሩ ጠባይ በቅርጹ ወይም በሚታይበት ዕድሜ መለየት አለበት፤ ተደጋግሞ የሚታይ ቢሆንም እንደ ደረቀ ልማድ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፤ በመጨረሻም እንስሳው ከረኀብ፣ ከሕመምና ከሥጋት በአንጻራዊነት ነጻ ሳለ የሚጀመር መሆን አለበት።

መስፈርቶቹ በፈረስ ላይ ሲተገበሩ ብዙ ነገር ይጠራል። ዝንብ ነክሶት የሚፈረጥጥ ፈረስ እየተጫወተ አይደለም። በጋጥ ውስጥ ታስሮ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲወዛወዝ የሚውል፣ ወይም የጋጡን እንጨት እየነከሰ አየር የሚስብ ፈረስም እየተጫወተ አይደለም፤ ድርጊቱ ተደጋጋሚ ነው፣ ነገር ግን ደርቋል፣ ልዩነት የለውም። አንዱ ሌላውን ከመኖ ሲያባርር የሚታየው ሩጫም እንዲሁ ከጨዋታ ውጭ ነው።

አምስተኛው መስፈርት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የእንስሳው መረጋጋት በትርጉሙ ውስጥ ከገባ በኋላ «የሚጫወት እንስሳ የተረጋጋ ነው» ብሎ መደምደም ክብ ሙግት ይሆናል፤ ውጤቱ አስቀድሞ በብያኔው ውስጥ ተቀምጧልና። ስለ ደኅንነት ለሚደረግ ጥናት ጨዋታው በቅርጹ ተለይቶ መመዝገብ፣ የእንስሳው ሁኔታ ደግሞ ራሱን በቻለ ሌላ መለኪያ መታወቅ ይኖርበታል። ብዙ ሥራዎች ይህን መለየት ችላ ማለታቸው ለኋላው ግራ መጋባት አንዱ ምክንያት ነው።

በቅርጽ ለመመዝገብ የሚያስችለውን መሣሪያ ሱ ማክዶኔል እና ኤሚ ፑሊን እ.ኤ.አ. በ2002 አቅርበዋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ቀደም ያሉ ጽሑፎችን ከመስክ ምልከታ ጋር አዋሕደው የፈረስ ዘመዶችን የጨዋታ ጠባዮች በአራት ክፍል የመደበ ኤቶግራም፣ ማለትም የጠባይ መዝገብ፣ አዘጋጁ። የመጀመሪያው ከዕቃ ጋር የሚደረግ ጨዋታ ነው፤ እንጨት በጥርስ አንሥቶ ማወዛወዝ፣ መወርወር፣ ይዞ መሮጥ፣ ውኃ በፊት እግር መማታት። ሁለተኛው የእንቅስቃሴ ጨዋታ ሲሆን ድንገተኛ ግልቢያን፣ መዝለልን፣ የኋላ እግር መወርወርንና በፍጥነት መካከል መታጠፍን ይይዛል። ሦስተኛው የተራክቦ ቅርጽ ያለው ጨዋታ ነው፤ ውርንጭላዎች እኩዮቻቸው ላይ፣ አልፎ ተርፎም እናታቸው ላይ የሚወጡበት። አራተኛው የጨዋታ ፍልሚያ ነው፤ በአንገት መተጋገል፣ በኋላ እግር ቆሞ መጋጠም፣ የፊት እግርንና ጋማን ለመንከስ መሞከር፣ መባረር።

ከእናት ጎን እስከ እኩዮች

ፈረስ አሥራ አንድ ወር ያህል ተረግዞ የሚወለድና ሲወለድም ለሩጫ የተዘጋጀ እንስሳ ነው። ጤነኛ ውርንጭላ ብዙውን ጊዜ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ገደማ ይቆማል፤ ብዙም ሳይቆይ ጡት ያገኛል። በዚያው የመጀመሪያ ቀን፣ እግሮቹ ገና በወጉ ሳይታዘዙት፣ ሊዘል ሲል ይታያል። ይህ ችኮላ ከአዳኝ በመሸሽ የሚኖር የሜዳ እንስሳ ታሪክ ነው፤ ተደብቆ እንደሚያድግ ግልገል ጊዜ የለውም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨዋታ ማዕከል ባዝራዋ ናት። ውርንጭላው ከእርሷ ተነሥቶ በግልቢያ ይርቃል፣ ይታጠፋል፣ ተመልሶ ከጎኗ ይቆማል፤ ወይም በዙሪያዋ ክብ ይሠራል። ክቡ በዕድሜ እየሰፋ ይሄዳል። በመካከሉ ጋማዋን ይነክሳል፣ እግሯን ይገፋል፣ ከተጋደመች ጀርባዋ ላይ ይወጣል። ባዝራዋ አብራው የምትጫወትበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ባብዛኛው ታግሣ ትግጣለች። በእንግሊዝ ደቡብ በኒው ፎረስት ደን ልቅ የሚኖሩትን ትናንሽ ፈረሶች ያጠናችው ስቴፋኒ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመችው ሥራ ስለ እነዚህ ግንኙነቶች ዝርዝር መረጃ ከሰጡት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኩረቱ ወደ እኩዮች ይዞራል። ሻሮን ክሮዌል-ዴቪስ፣ ካትሪን ሁፕትና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1987 በዌልስ ዝርያ ውርንጭላዎች ላይ ያሳተሙት ጥናት ይህንን ሽግግር ከብቸኛ ጨዋታ ወደ ማኅበራዊ ጨዋታ ደረጃ በደረጃ ተከትሏል። የጾታ ልዩነቱም ቀደም ብሎ ይገለጣል። ወንዶቹ በጨዋታ ፍልሚያ ከሴቶቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ያሳልፋሉ፤ ተጋጣሚም የሚመርጡት ወንድ እኩያቸውን ነው። ሴቶቹ ወደ ሩጫና ወደ መተካከክ ያደላሉ፤ መተካከክ ማለት ሁለት ፈረሶች ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ ቆመው አንዱ የሌላውን ጋማና ትከሻ በጥርሱ የሚያክበት ነው።

ልዩነቱ ከአዋቂነት ኑሮ ጋር ሲተያይ ግልጽ ይሆናል። ልቅ በሚኖር መንጋ ውስጥ ወንዱ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሲሞላው ከተወለደበት ቡድን ይወጣና ከመሰሎቹ ጎረምሶች ጋር ይኖራል። በኋላ የራሱን ባዝራዎች የሚያገኘውና ይዞም የሚቆየው ሌሎች ድንጉላዎችን መቋቋም ከቻለ ነው። የሴቷ ሕይወት ደግሞ ከሌሎች ባዝራዎች ጋር በሚመሠረት የረጅም ዘመን ትስስር ላይ ይቆማል። የጎረምሶቹ ቡድን የአዋቂ ጨዋታ በተፈጥሮ ሁኔታ በስፋት የሚታይበት ዋነኛ ሥፍራ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ጉዳዩ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ፍልሚያ መሆኑና አለመሆኑ

ሁለት ድንጉላዎች በኋላ እግራቸው ቆመው ሲተጋገሉ ለማያውቅ ተመልካች የጨዋታው መልክ ከጠቡ አይለይም። ልዩነቱ በዝርዝሩ ውስጥ ነው። በእውነተኛ ጠብ ጆሮዎች ወደ ኋላ ተጣብቀው ይተኛሉ፣ ስለታም ጩኸት ይሰማል፣ ንክሻው ቆዳ ይይዛል፣ የኋላ እግር ርግጫው ለመምታት ይወረወራል፣ ተሸናፊው ይሸሻል። በጨዋታ ጆሮዎቹ እየተንቀሳቀሱ ይቆያሉ፣ ጩኸቱ ብርቅ ነው፣ ንክሻው ሳይጠብቅ ይለቀቃል። ከሁሉም በላይ ሚናው ይለዋወጣል፤ አሁን ያባረረው ጥቂት ቆይቶ ይባረራል፣ ጠንካራው ለደካማው ዕድል ይሰጣል። በመካከል ቆም ብለው ይግጣሉ፣ ከዚያም እንደገና ይገጥማሉ። ከጠብ በኋላ አብሮ መጋጥ የለም።

ፊትም ይናገራል። በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረስን የፊት ጡንቻ እንቅስቃሴዎች በ17 መሠረታዊ አሃዶች የሚመዘግብ ሥርዓት ካወጣ ወዲህ የፊት ገጽታን በስሜት ሳይሆን በመለኪያ መግለጽ ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኤሊዛቤታ ፓላጂ ያለችበት የጣሊያን ቡድን ደግሞ ፈረስና ውሻ አብረው ሲጫወቱ የሚያሳዩ፣ ከኢንተርኔት የተሰበሰቡ ቪዲዮዎችን ተንትኖ ሁለቱም ዝርያዎች በጨዋታ ጊዜ ዘና ያለ የተከፈተ አፍ እንደሚያሳዩና አንዱ የሌላውን ገጽታ በፍጥነት እንደሚደግም ዘግቧል። አዳኝና ታዳኝ የነበሩ ሁለት ዝርያዎች አንድ የፊት ምልክት መጋራታቸው የሚያስደንቅ ነው። እርግጥ ሰዎች ቀርጸው የሚያሰራጩት ያማረውን እንጂ የከሸፈውን ጨዋታ ባለመሆኑ፣ እንዲህ ያለው መረጃ ምልክቱ መኖሩን ያሳያል እንጂ ምን ያህል እንደሚዘወተር አይነግርም።

ጥጋብ ወይስ ልምምድ?

አማርኛ ያለ ምክንያት የሚፈነጭ ከብትን «ጥጋብ ነው» ይለዋል። አባባሉ ሳያስበው የአንድ አሮጌ ንድፈ ሐሳብ ተጋሪ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኸርበርት ስፔንሰር ጨዋታን ከዕለት ፍላጎት የተረፈ ጉልበት መፍሰሻ አድርጎ አይቶት ነበር። ካርል ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1896 ስለ እንስሳት ጨዋታ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ተቃውሞ፣ ጨዋታ ለአዋቂነት የሚደረግ ልምምድ ነው አለ። የወንድ ውርንጭላዎች ወደ ፍልሚያ ማድላት የግሮስን ሐሳብ የሚደግፍ ይመስላል። ማሬክ ሽፒንካ፣ ሩት ኒውቤሪ እና ማርክ ቤኮፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ሌላ መላ ምት ጨመሩ፤ ጨዋታ የሚያለማምደው የተወሰነ ክህሎትን ብቻ ሳይሆን ያልታሰበን ነገር መቋቋምን ነው፣ እንስሳው ሆን ብሎ ሚዛኑን የሚስትበት ሁኔታ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም መልሶ ይቆማል የሚል። ውርንጭላ በሙሉ ፍጥነት እየጋለበ ሳለ ያለ ምንም ምክንያት የሚታጠፍበትን፣ የሚደናቀፍበትንና ተነሥቶ እንደገና የሚሞክርበትን ሁኔታ ላስተዋለ ይህ መላ ምት አሳማኝ ነው።

ለደኅንነት ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ስለ ወጪ የተገኘው ነገር ነው። ጨዋታ ጉልበት ይበላል፣ ለስብራት ያጋልጣል፣ ከአዳኝ ያዘናጋል። በበርካታ አጥቢ እንስሳት ምግብ ሲጎድል በመጀመሪያ ከሚቀነሱት ነገሮች አንዱ ጨዋታ ነው። በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት በካይማናዋ ተራሮች ልቅ የሚኖሩ ፈረሶችን ያጠኑት ኤሊሳ ካሜሮንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጽሑፍ ሰንሰለቱን ከእናት ጀምሮ ተከትለዋል። እናታቸው የበለጠ እንክብካቤ ያደረገችላቸው ውርንጭላዎች ይበልጥ ይጫወታሉ፤ ይበልጥ የተጫወቱትም የተሻለ የሰውነት አቋም ይዘው ይገኛሉ። እዚህ ላይ ጨዋታ የወተትና የእንክብካቤ ውጤት መሆኑ ብቻ ሳይሆን ለውርንጭላው ዕድገት የራሱ አስተዋጽኦ እንዳለው መታየቱ ነው ቁም ነገሩ። ስለዚህ በጡት ዕድሜ ላይ ያለ ውርንጭላ ጨዋታ ማቆሙ መመርመር የሚገባው ምልክት ነው፤ የእናት ወተት መጉደል፣ ጥገኛ ትል፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን ይችላል።

የአዋቂው እንቆቅልሽ

በአዋቂ ፈረስ ላይ ይኸው ንባብ ይናጋል። ልቅ በሚኖሩ መንጎች ውስጥ አዋቂ ባዝራዎች ሲጫወቱ እምብዛም አይታዩም፤ ባዝራዎች ያሉት ድንጉላም እንዲሁ። ከላይ እንደተጠቀሰው የሚጫወቱት ባብዛኛው ባዝራ ያላገኙት ጎረምሶች ናቸው። በሰው እጅ ባሉ ፈረሶች ግን፣ በተለይ በተኮላሹት ዘንድ፣ ጨዋታ እስከ ብዙ ዕድሜ ይዘልቃል። መልካም ኑሮ ጨዋታን የሚያበዛ ከሆነ፣ ሰፊ መስክና የተረጋጋ ቤተሰብ ያላቸው ባዝራዎች ከታሰሩት ሰንጋ ፈረሶች ይልቅ ለምን አይጫወቱም?

ሦስት ጥናቶች ለዚህ ጥያቄ የተለያየ ጫፍ ይዘዋል። የመጀመሪያው በዴንማርክ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የያነ ክሪስተንሰንና የባልደረቦቿ ሥራ ነው። የሁለት ዓመት ድንጉላዎች ከፊሎቹ ለብቻቸው፣ ከፊሎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ለዘጠኝ ወራት በጋጥ ተቀመጡ፤ ከዚያም ወደ መስክ ተለቀቁ። በመስኩ ላይ ይበልጥ የተጫወቱትና ይበልጥ የተካከኩት ለብቻቸው ታስረው የነበሩት ናቸው። በመስኩ ላይ ብቻ ተገኝቶ የቆጠረ ገምጋሚ ቢኖር ኖሮ ለብቻ የታሰሩትን የተሻለ የተያዙ ብሎ ይመዘግባቸው ነበር።

ሁለተኛው በአሜሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አጭር ጥናት ነው። በሳምንት 2 ሰዓት ብቻ ወደ ሜዳ የሚለቀቁ ፈረሶች በሳምንት 12 ሰዓት ከሚለቀቁት ጋር ተነጻጸሩ። ጥቂት ጊዜ የሚለቀቁት በሜዳው ላይ ይበልጥ በሶምሶማና በደንገላሳ ሮጡ፣ ይበልጥ ፈነጩ፤ የጋጡት ግን ያነሰ ነበር። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ይናገራል። ፈረስ በተፈጥሮው የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ሲግጥ የሚውል እንስሳ ነው፤ ሣር እያለ ሳይግጥ የሚሮጥ ፈረስ ከሣር የበለጠ የጎደለው ነገር እንዳለ ያሳያል።

ሁለቱም ውጤቶች በጠባይ ጥናት የታወቀውን የተከለከለ ጠባይ መልሶ መገንፈል ያሳያሉ። የታቆረ ውኃ በሩ ሲከፈት ከወትሮው በላይ እንደሚፈስ ሁሉ፣ ለጊዜው የታገደ ጠባይም ዕድል ሲያገኝ ከመደበኛው በላይ ይታያል። ስፔንሰር ስለ ተረፈ ጉልበት የተናገረው ለጨዋታ ሁሉ ባይሆንም ለዚህ ለአንዱ ዓይነት ከሞላ ጎደል ይስማማል። «ጥጋብ» የሚለው ቃል ግን አይስማማም፤ እዚህ የሚፈነጨው የጠገበው ሳይሆን የተከለከለው ነውና።

ሦስተኛው ጥናት የባሰ ያስጨንቃል። ማርቲን ሃውስበርገርና የፈረንሳይ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሥራ ለግልቢያ የሚያገለግሉ አዋቂ ፈረሶችን ከመረመሩ በኋላ፣ እርስ በርስ የሚጫወቱት ሥር የሰደደ ውጥረት ምልክቶች የበዙባቸው ሆነው አግኝተዋቸዋል። ጉዳዩ ከአንድ ቀን መታሰር መልስ የሚመጣ ግንፈላ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት አንዱ ማብራሪያ ጨዋታ ለእነዚህ ፈረሶች ውጥረትን የመቋቋሚያ መንገድ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ግኝቱ ዝምድናን እንጂ መንሥኤን አያሳይም፤ ጨዋታው ውጥረቱን አመጣው የሚል ማንም የለም። ነገር ግን «የሚጫወት ፈረስ ደኅና ነው» የሚለውን ቀጥተኛ ንባብ ለአዋቂ ፈረስ ውድቅ ለማድረግ በቂ ነው። ሱዛን ሄልድና ማሬክ ሽፒንካ እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ እንስሳት ጨዋታና ደኅንነት ባደረጉት ሰፊ ዳሰሳ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነበር፤ ጨዋታ በጥሩ ሁኔታ የሚጨምርባቸው ብዙ ማስረጃዎች ቢኖሩም በችግር ጊዜ የሚጨምርባቸውም አሉ።

ይህ ማለት ጨዋታ ለምዘና አይጠቅምም ማለት አይደለም። ብቻውን የቆመ ቁጥር አይጠቅምም ማለት ነው። አንድ ገምጋሚ የጨዋታን ብዛት ከመመዝገቡ በፊት የፈረሱን ዕድሜና ጾታ፣ የተኮላሸ መሆኑን፣ ለስንት ሰዓት ታስሮ እንደቆየና ከተለቀቀ ስንት ደቂቃ እንደሆነው ማወቅ አለበት። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የጊዜ ቅርጹ ሳይሆን አይቀርም። ከመታሰር መልስ የሚመጣ ግንፈላ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከፍ ብሎ በፍጥነት ሊወርድ፣ ፈረሱ በየቀኑ ሲለቀቅም ከቀን ወደ ቀን ሊቀንስ ይገባል። በሳምንቱ መጨረሻም ሳይቀንስ የሚቆየው ጨዋታ ሌላ ምንጭ አለው፤ ያ ምንጭ መልካም ይሁን ክፉ የሚለየው የጀርባ ሕመምን፣ የጆሮን አቀማመጥ፣ የአመጋገብን ሁኔታና የተጋጣሚን ፈቃደኝነት አብሮ በማየት ነው። አንዱ ሁልጊዜ አባራሪ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተባራሪ ከሆነ ድርጊቱ በጨዋታ ዓምድ ሥር መግባት የለበትም።

ፈረሱ በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ብዙ ፈረስ ካላቸው አገሮች ግንባር ቀደም ናት፤ ቁጥራቸው 2 ሚሊዮን ገደማ ይገመታል። በደጋው ለኮርቻና ለጭነት፣ በከተሞች ለጋሪ ያገለግላሉ። ፈረስ በባህሉ ያለው ክብር የታወቀ ነው፤ መሪዎችና የጦር አለቆች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ እየተባሉ። በጉግስ ሜዳም ሆነ በየዓመቱ በጥር ወር በእንጅባራ በሚከበረው የአዊ ፈረሰኞች በዓል የፈረሱ መፈንጨት የትርኢቱ ውበት ነው። ይሁንና ጉግስ የፈረሰኛው ጨዋታ እንጂ የፈረሱ አይደለም። በልጓምና በእግር ምት የሚመጣ መፈንጨት በራስ ተነሳሽነት የሚለውን መስፈርት አያሟላም፤ የፈረሰኛውን ችሎታ እንጂ የፈረሱን ስሜት አይለካም።

የጋሪ ፈረስ ጉዳይ ከላይ ከተነሡት ሁሉ የተለየ ችግር ያመጣል። በሠራተኛ ፈረሶች ላይ የሚደረግ የደኅንነት ምዘና ትኩረቱ በትክክል በቁስል፣ በክሳት፣ በአረማመድና በሰኮና ላይ ነው። ጨዋታ ወደ ቅጹ ቢጨመር አብዛኛው መልስ ዜሮ መሆኑ አይቀርም። ነገር ግን ያ ዜሮ ምን ማለት ነው? ቀኑን ሲጎትት ውሎ ማታ እግሩ የሚታሰር ፈረስ መሮጥ አይችልም፤ ድካም ይሁን ሕመም ይሁን የገመዱ እጥረት ከቁጥሩ አይታወቅም። በአውሮፓና በአሜሪካ የተገኘው ግራ መጋባት ከመጠን በላይ ስለሚታይ ጨዋታ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ዕድል ስለተነፈገ ጨዋታ ነው። ሁለቱንም የሚፈታው ጥያቄ አንድ ነው፤ ፈረሱ ምን ያህል ጊዜ፣ በምን ያህል ቦታ፣ ከማን ጋር ልቅ ይሆናል?

ማነጻጸሪያ የሚሆን ተፈጥሯዊ መነሻ ከአገር ውስጥም አይጠፋም። በምሥራቅ ሐረርጌ በቁንዱዶ ተራራ ላይ ከሰው እጅ ወጥተው ልቅ ሲኖሩ የቆዩ ፈረሶች አሉ፤ የጄኔቲክስ ጥናቶችም ከአቢሲኒያ፣ ከባሌ፣ ከሆሮ፣ ከከፋ፣ ከሰላሌና ከሌሎቹ የአገሪቱ ፈረሶች ጎን ለይተው ዘርዝረዋቸዋል። ቁጥራቸው ጥቂት በመሆኑ ከእነርሱ የሚገኝ የጠባይ መረጃ ለስታትስቲክስ ትንተና አይበቃ ይሆናል፤ ለጠባይ መዝገብ ግን ይበቃል፣ መንጋው ሳይመናመንም መሠራት አለበት።

ከዚህ ይልቅ በቀላሉ የሚደረስበት ሌላ አጋጣሚ አለ። በገጠር ውርንጭላ ከእናቱ ተለይቶ አይቀርም፤ ባዝራዋ ተጭና ወይም ተኮርቻ ገበያ ስትሄድ ከጎኗ እየሮጠ ይከተላል። እኩዮቹን በብዛት የሚያገኘው ምናልባት በገበያ ቀን ነው። ባዝራዎቹ በገበያው ዳር ታስረው ባለቤቶቻቸው እስኪመለሱ ሲቆሙ ውርንጭላዎቹ አይታሰሩም። የሥራ ጫና በወተት በኩል አልፎ የውርንጭላውን ጨዋታ ይቀንስ እንደሆነ ለመመርመር ለሚሻ ተመራማሪ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የእያንዳንዱን ባዝራ የሰውነት አቋም ነጥብ፣ የውርንጭላውን ግምታዊ ዕድሜና ጾታ፣ የተጓዙትን ርቀትና የጨዋታውን ዓይነት በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን መመዝገብ ይቻላል። ከሰዓትና ከተዘጋጀ ቅጽ ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም።